በሰው ውስጥ ያለ ሀብት፦ ስለ ሰብዓዊ ካፒታል የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ስለ ሰብዓዊ ካፒታል ልማትና በአገር ኢኮኖሚ ውስጥ ስላለው ድርሻ የደረሱን ጥያቄዎች በርከት ያሉ በመሆናቸው የዚህን እትም ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምረናል፤ ረዘም ያሉትንም ፍሬ ሐሳባቸውን ሳንነካ አሳጥረናል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «በስብሰባውም በሪፖርቱም ‹ሰብዓዊ ካፒታል› የሚለው ቃል ይደጋገማል። ክቡር የሆነውን የሰው ልጅ እንደ ማሽንና እንደ ሕንፃ ‹ካፒታል› ብሎ መጥራት ማርከስ አይሆንም? ለመሆኑ ከለመድነው ‹የሰው ኃይል› በምን ይለያል?» (በጡረታ ላይ ያሉ አንባቢ)

መልስ፦ ያነሡት ቅሬታ ጽንሰ ሐሳቡን ያዳበሩትን ምሁራን ራሳቸውን ያስጨነቀ ነው። ቴዎዶር ሹልትዝ በ1960 የአሜሪካ የኢኮኖሚክስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ባደረጉት ንግግር፣ ሰውን ገንዘብ እንደሚፈስበት ሀብት አድርጎ ማየት የባርነትን ዘመን ስለሚያስታውስ ብዙዎችን እንደሚያስከፋ ሳይሸሽጉ ተናግረዋል። ይሁን እንጂ ሰው በራሱ ዕውቀትና ጤና ላይ ወጪ ሲያደርግ የምርጫው ወሰን ይሰፋል እንጂ አይጠብም፣ ነጻ ሰው ኑሮውን ከሚያሻሽልባቸው መንገዶችም አንዱ ይኸው ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ኢኮኖሚስቱ ጋሪ ቤከር ደግሞ በ1964 ስለዚሁ ጉዳይ የጻፉትን መጽሐፍ ሲያሳትሙ ርዕሱ ትችት ያስነሣል ብለው እንዳመነቱና ስጋቱን ለማለዘብ ረጅም ንዑስ ርዕስ እንደጨመሩበት በ1992 በኖቤል ሽልማት ንግግራቸው አውስተዋል። ሐሳቡ ራሱ ከሁለቱም ይቀድማል፤ አዳም ስሚዝ በ1776 የአንድን አገር ቋሚ ካፒታል ሲዘረዝሩ፣ ከማሽን፣ ከሕንፃና ከለማ መሬት ጋር የነዋሪዎቹን በትምህርትና በልምምድ የተገኘ ችሎታ አብረው ቆጥረውታል።

«የሰው ኃይል» በዋነኛነት የራስ ቁጥር ነው፤ ስንት ሰው ለሥራ ደርሷል ብሎ ይጠይቃል። ሰብዓዊ ካፒታል ግን እነዚያ ሰዎች ምን ያውቃሉ፣ ምን መሥራት ይችላሉ፣ ጤናቸው ምን ያህል ያሠራቸዋል፣ ለስንት ዓመትስ ይዘልቃሉ የሚለውን ይመረምራል። ካፒታል መባሉም ዛሬ ወጪ ተደርጎበት ነገ ፍሬ የሚሰጥ፣ ሳይሠሩበት ሲቀሩ ደግሞ የሚያረጅ በመሆኑ ነው።

ከማሽን የሚለይበት አንድ ባሕርይ ግን አለው፤ በእኔ እምነት የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ባሕርይ ነው። ከባለቤቱ ተነጥሎ ሊሸጥ፣ ሊወረስም ሆነ በመያዣነት ሊያዝ አይችልም። ማሽን ለመግዛት የሚበደር ሰው ማሽኑን ራሱን ለባንክ ያስይዛል፤ ሕክምና መማር የሚሻ የድሃ ልጅ ግን ገና ያልተማረውን ሙያ የሚያስይዝበት መንገድ የለውም። በዚህ ምክንያት ነገሩ ለገበያ ብቻ ሲተው፣ ለራሱም ለአገሩም ብዙ ሊያፈራ የሚችለው ልጅ ወላጆቹ ስለተቸገሩ ብቻ ሳይማር ይቀራል። መንግሥት ለትምህርትና ለጤና የሚመድበው ገንዘብም ማንም አበዳሪ የማይደፍረውን ክፍተት የሚሞላ የኢኮኖሚ ሥራ ነውና ምጽዋት ሊባል አይገባውም። የክፍተቱን ስፋት ለመገመት የዓለም ባንክ በ2018 ያወጣውን የአገሮች ሀብት ስሌት ማየት ይበቃል። በ2014 ከዓለም ጠቅላላ ሀብት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በሰዎች ውስጥ ያለ ሀብት ነበር፤ ድርሻው በከፍተኛ ገቢ አገሮች ወደ 70 በመቶ ሲደርስ በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ግን 41 በመቶ ገደማ ላይ ቀርቷል።

ጥያቄ፦ «ስምንተኛ ክፍል ደርሰው አንድ አንቀጽ አንብበው ለመረዳት የሚቸገሩ ልጆች አስተምራለሁ። በስታቲስቲክሱ ግን ‹የስምንት ዓመት ትምህርት ያላቸው› ተብለው ይመዘገባሉ። ለኢኮኖሚው የሚጠቅመው ዓመቱ ነው ወይስ ዕውቀቱ?» (አንዲት መምህርት)

መልስ፦ ዕውቀቱ ነው። ለረጅም ጊዜ ግን የሚለካው ዓመቱ ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም ዓመት ለመቁጠር የምዝገባ መዝገብ ይበቃል፣ ዕውቀትን ለመለካት ግን ልጁን መፈተን ያስፈልጋል። የዓለም ባንክ ከ2018 ጀምሮ የሚያወጣው የሰብዓዊ ካፒታል መለኪያ ይህን ለማረም ሞክሯል። መለኪያው ዛሬ የተወለደ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው፣ የተሟላ ትምህርትና ሙሉ ጤና ቢያገኝ ኖሮ ሊኖረው ከሚችለው ምርታማነት ምን ያህሉን ይዞ ይደርሳል ብሎ ይጠይቃል። የሚመለከታቸው ነገሮች ልጁ እስከ አምስት ዓመቱ የመኖር ዕድሉ፣ የሚጠበቅለት የትምህርት ዘመን፣ በዚያ ዘመን የሚቀስመው ዕውቀት፣ የመቀንጨር (ቁመት ለዕድሜ ከሚገባው በታች የመሆን) መጠንና ዐዋቂዎች ከ15 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ናቸው።

የእርስዎን ጥያቄ የሚመልሰው የስሌቱ የትምህርት ክፍል ስለሆነ በምሳሌ ላስረዳ። በአንድ አገር አንድ ልጅ 10 ዓመት ይማራል እንበል። የዚያ አገር ተማሪዎች አማካይ የፈተና ውጤት፣ ከፍተኛው ደረጃ 625 በሆነበት ሚዛን ላይ 400 ቢሆን፣ 10ሩ ዓመት በ400 ተባዝቶ ለ625 ይካፈላል፤ ውጤቱ 6.4 ይሆናል። ልጁ ዐሥር ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጦ የስድስት ዓመት ተኩል እንኳ የማይሞላ ትምህርት አገኘ ማለት ነው። ሙሉ የሚባለው 14 ዓመት ስለሆነ 7.6 ዓመት ጎድሎታል፤ እያንዳንዱ ዓመት ምርታማነትን 8 በመቶ ገደማ እየተደራረበ ይጨምራል በሚለው ግምት ሲሰላም፣ ከትምህርት አንጻር ብቻ ሊደርስበት ከሚችለው አቅም ይዞ የሚወጣው 54 በመቶውን ያህል ነው። በ2020 ስሌት መሠረት የዓለም አማካይ ልጅ ከ11 ዓመት ጥቂት በላይ ይማራል፤ በዕውቀት ሲመዘን ግን 7.8 ዓመት ብቻ ነው። ክፍልዎ ውስጥ የሚያዩት ችግር የእርስዎ ክፍል ብቻ አይደለም።

ይህን ስል ትምህርት ቤት መገንባት ከንቱ ነው ማለቴ እንዳይመስል እሰጋለሁ። ኢንዶኔዥያ ከ1973 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት ከ61,000 በላይ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ሠራች። ኢኮኖሚስቷ ኤስተር ዱፍሎ ከዓመታት በኋላ የሕዝቡን መረጃ መርምረው እንዳሳዩት፣ ለየሺህ ልጆች በተሠራ በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የልጆቹ የትምህርት ዘመን፣ ካደጉ በኋላም ደመወዛቸው ጨምሯል። ደጃፉ ላይ ትምህርት ቤት ላልነበረው ልጅ ግንቡ ራሱ ለውጥ ነው። ግንቡ ከቆመ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ ግን የእርስዎ ጥያቄ ነው።

ሊሠራበት ስለሚችል አንድ መንገድ ልጥቀስ። በሕንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት የጀመረው ዘዴ ልጆችን በዕድሜና በክፍል ሳይሆን በሚችሉት ልክ ይመድባል፤ ፊደል የማይለየው ከማይለየው፣ ቃል የሚያነበው ከሚያነበው ጋር ሆኖ በቀን ለተወሰነ ሰዓት ከደረሰበት ይነሣል። ዘዴው በተደጋጋሚ በመስክ ተፈትኖ የማንበብና የማስላት ችሎታን ከፍ እንደሚያደርግ ታይቷል። የሚጠይቀው አዲስ ሕንፃ ሳይሆን፣ መምህሩ መጽሐፉን ከመጨረስ ይልቅ ልጁን እንዲያስተምር የሚፈቅድለት አስተዳደር ነው።

ጥያቄ፦ «ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት አመጋገብ በጀት ስንጠይቅ፣ ‹ይህ የበጎ አድራጎት እንጂ የልማት ሥራ አይደለም› እንባላለን። በኢኮኖሚ ቋንቋ ምን ብለን እንመልስ?» (አንድ የጤና ባለሙያ)

መልስ፦ በጓቴማላ የተደረገውን ይንገሯቸው። ከ1969 እስከ 1977 ተመራማሪዎች በአራት መንደሮች ለእናቶችና ለሕፃናት ተጨማሪ ምግብ ያድሉ ነበር፤ በሁለቱ መንደሮች በፕሮቲን የዳበረ አጥሚት መሰል መጠጥ፣ በሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ ፕሮቲን የሌለው ቀለል ያለ መጠጥ ይሰጥ ነበር። ልጆቹ አድገው ሠራተኛ ከሆኑ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ፈልገው አገኟቸው። የዳበረውን መጠጥ በሕይወታቸው የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ያገኙት ወንዶች በሰዓት የሚያገኙት ክፍያ ከሌሎቹ በ46 በመቶ ገደማ ይበልጥ ነበር። መጠጡን ያገኙት ሦስት ዓመት ካለፋቸው በኋላ የሆኑት ግን ይህ ልዩነት አልታየባቸውም። የሴቶቹ ክፍያ ላይ ተመሳሳይ ለውጥ ባይገኝም የትምህርት ዘመናቸው ከአንድ ዓመት በላይ ጨምሯል።

የጃማይካው ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። በ1986 እና በ1987 በኪንግስተን 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ተመርጠው ለሁለት ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። ከፊሎቹ ቤት የጤና ሠራተኞች በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ያህል እየሄዱ እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር እንዴት እንደሚጫወቱ፣ እንዴት እንደሚያወሩና ዕቃ እያሳዩ ስም እንደሚያስተምሩ ያሳዩአቸው ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ እነዚህ ልጆች ጉብኝቱን ካላገኙት በ25 በመቶ የሚበልጥ ገቢ ነበራቸው፤ ቀድሞውኑ ካልቀነጨሩት እኩዮቻቸው ጋርም ተስተካክለዋል። በጥናቱ ውስጥ ምግብ ብቻ በተሰጣቸው ሌሎች ልጆች ላይ ግን በገቢ በኩል እንዲህ ያለ ዘላቂ ውጤት አልተገኘም። ስለዚህ ልጅ ሲያድግ አንጎሉ የሚሻው ምግብንም፣ የሚያነጋግረውንና የሚያጫውተውን ሰውም ነው። ለልጁ የሚያወራለት ሰው መኖሩ የኢኮኖሚ ጉዳይ መሆኑን በቁጥር ማየት ለእኔ ዛሬም ልብ የሚነካ ነገር ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንጎል በፍጥነት የሚገነባው ከጽንስ አንሥቶ እስከ ሁለተኛው የልደት ቀን ባለው አንድ ሺህ ቀን ገደማ ነው፤ በዚያ ጊዜ የተገኘ አቅም በኋላ የሚሰጠውን ትምህርት ሁሉ የሚቀበል መሠረት ይሆናል። በ2000 የኖቤል ተሸላሚ የሆኑት ጄምስ ሄክማን ችሎታ ችሎታን ይወልዳል የሚሉት ይህንኑ ነው። በደንብ የበላና ያወራ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ከመምህሩ የሚወስደው ይበዛል፣ ብዙ የወሰደውም ሥራ ላይ ሲውል ከሥልጠና የሚያገኘው ይበዛል። በ2022 በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 148 ሚሊዮን ያህሉ የቀነጨሩ እንደነበሩ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሕፃናት መርጃና የዓለም የጤና ድርጅት አስታውቀዋል። ለእነዚህ ልጆች ያልወጣው ወጪ ከሃያ ዓመት በኋላ ያልተመረተ ምርትና ያልተከፈለ ግብር ሆኖ ይመጣል።

በጀት የሚመድቡትን ሰዎች ችግር መረዳት ግን ያስፈልጋል። መንገድ ዛሬ ተጀምሮ በሦስት ዓመት ይመረቃል፤ ዛሬ የበላ ሕፃን ግብር የሚከፍለው ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ ያኔ በጀቱን የመደቡት ሰዎች ከቦታቸው ከተነሡ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥያቄዎን ሲያቀርቡ በየዓመቱ ሊታይ የሚችል መለኪያ አብረው ያቅርቡ፤ የሚወለዱ ሕፃናት ክብደት፣ የመቀንጨር መጠንና አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ብዛት በዓመት ውስጥ ሊለኩና ሊነጻጸሩ የሚችሉ ናቸው።

ጥያቄ፦ «‹የተማረ ይግደለኝ› ሲባል እየሰማሁ አደግሁ፤ ተማርኩም። ዲግሪዬን ይዤ ሁለት ዓመት ሥራ ፈለግሁ። ሰብዓዊ ካፒታል ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ እኔ ለምን ተቀመጥኩ?» (አንድ ተመራቂ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጥያቄዎ የዚህን የጥናት ዘርፍ ደካማ ጎን ይነካል። ኢኮኖሚስቱ ላንት ፕሪቸት በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ በታዳጊ አገሮች የሠራተኞች የትምህርት ዘመን በፍጥነት ቢያድግም የአገሮቹ ምርት በዚያው ልክ እንዳላደገ አሳይተዋል። ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ ከላይ ለመምህርቷ የመለስነው የጥራት ጉድለት ነው። ሁለተኛው፣ የተማረው ሰው ከማምረት ይልቅ ያለውን ለመከፋፈል የሚያተርፍበት ሥርዓት ሲኖር ዕውቀቱ ወደዚያ መሄዱ ነው። ሦስተኛው እርስዎን የሚመለከተው ነው፤ የተማረ ሰው የሚፈልግ ሥራ ሳይስፋፋ ተመራቂው ብቻ ከበዛ፣ ዕውቀቱ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደተባለው ይሆናል። ዕውቀት ብቻውን አያመርትም፤ የሚሠራበት መሣሪያ፣ መብራት፣ ብድር፣ ገበያና የሚከበር ውል ይፈልጋል።

ሁለቱ አብረው ሲሄዱ የሚሆነውን ደቡብ ኮሪያ ታሳያለች። በ1945 አብዛኛው ዐዋቂ ሕዝቧ ማንበብ የማይችል ነበር። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን በፍጥነት አዳረሰች፤ በ1960ዎቹ ብዙ እጅ የሚፈልጉ ቀላል ዕቃዎችን ለውጭ ገበያ ማምረት ስትጀምር ማንበብ የሚችል ሠራተኛ ተዘጋጅቶ ጠበቃት። በ1970ዎቹ ወደ ብረት፣ መርከብና ኬሚካል ስትሸጋገር ደግሞ የሙያ ትምህርት ቤቶችን አብራ አስፋፋች። ትምህርቱ ከፋብሪካው ብዙ ሳይርቅ፣ ፋብሪካውም ትምህርቱን ሳይቀድመው ሄዱ።

ማይክል ስፔንስ በ1973 ደግሞ፣ ዲግሪ አንዳንድ ጊዜ ዕውቀትን ከመጨመር ይልቅ ባለቤቱ ትጉ መሆኑን ለቀጣሪ የሚጠቁም ምልክት ብቻ ሊሆን እንደሚችል አስረድተዋል። ሁሉም ዲግሪ ሲይዝ ምልክቱ ይደበዝዛል፤ ቀጣሪም ሌላ ምልክት ይፈልጋል። ይህን የማነሣው የተማሩትን ለማናናቅ ሳይሆን፣ ከማስረጃው ሌላ ሠርተው የሚያሳዩት ነገር መኖሩ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመናገር ነው። ሙያ ሳይሠሩበት ሲቀመጥ ይደክማልና፣ ክፍያው ትንሽ ቢሆንም ከተማሩት ጋር የሚቀራረብ ሥራ ላይ መቆየቱን እመክራለሁ። ጥፋቱ ግን የእርስዎ ነው የሚል ሰው ካጋጠመዎ አይቀበሉት፤ ተመራቂ ራሱን ሊያስተምር ይችል ይሆናል እንጂ የአገርን የሥራ ገበያ ብቻውን ሊፈጥር አይችልም።

ጥያቄ፦ «በፋብሪካዬ ሠራተኛ አሠልጥኜ ሳበቃ ተፎካካሪዬ ጥቂት ጨምሮ ይወስድብኛል። ለምን ላሠልጥን?» (አንድ የፋብሪካ ባለቤት)

መልስ፦ ጋሪ ቤከር ሥልጠናን በሁለት ከፍለውታል። በየትኛውም ድርጅት የሚሠራበት አጠቃላይ ሙያ አለ፤ በእርስዎ ማሽንና አሠራር ብቻ የሚጠቅም ልዩ ሙያም አለ። ልዩውን ማሠልጠን ያዋጣዎታል፣ ሠራተኛው ሌላ ቦታ ቢሄድ አይጠቅመውምና። አጠቃላዩን ብቻዎን ሲሸከሙ ግን የተናገሩት ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ባለ ፋብሪካ እንደ እርስዎ ሲያስብም ማንም አያሠለጥንም፣ ሁሉም የሠለጠነ ሰው ጠፋ እያለ ይቀመጣል።

መፍትሔው ወጪውን መጋራት ነው። ብራዚል በ1942 ሴናይ የተባለውን የኢንዱስትሪ ሥልጠና ተቋም ስታቋቁም፣ የኢንዱስትሪ ድርጅቶች ወጪውን እንዲያዋጡ አደረገች፤ ከ1944 ጀምሮ መዋጮው ከሚከፍሉት ጠቅላላ ደመወዝ አንድ በመቶ ሆነ፤ ያሠለጠነውም ያላሠለጠነውም ስለሚከፍል፣ የሌላውን ሠራተኛ መንጠቅ የወጪ ማምለጫ አልሆነም። በጀርመን ደግሞ በ1969 በሕግ በተደነገገው ሥርዓት ሠልጣኙ ሳምንቱን በድርጅትና በሙያ ትምህርት ቤት መካከል ከፍሎ ይማራል፤ በሥልጠናው ዘመን የሚከፈለው ከባለሙያ ደመወዝ ያነሰ ስለሆነ ወጪውን ከአሠልጣኙ ጋር ይጋራል፤ ሲጨርስም በአገሪቱ ሁሉ የሚታወቅ ማስረጃ ይይዛል። ከዘርፍዎ ባልደረቦች ጋር በትንሹ ይህን መሰል የጋራ ማሠልጠኛ መጀመር ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ «የተማሩት አገር ጥለው ይሄዳሉ። ታዲያ ለሌላው አገር ነው የምናስተምረው?» (በርካታ አንባቢያን)

መልስ፦ ጉዳቱ በተለይ በሐኪሞች በኩል እውነተኛ ነው፤ አንድን ሐኪም ለማፍራት የሚፈጀው ዘመንና ገንዘብ ቀላል አይደለም። ይሁንና ነገሩ አንድ ወገን ብቻ የለውም። ወደ አሜሪካ የመሄድ ዕድል በሰፋበት ጊዜ በፊሊፒንስ ነርስነት የሚማሩ ወጣቶች ቁጥር ከሄዱት እጅግ በልጦ ጨመረ፤ ማሠልጠኛዎቹም አብረው ስለተስፋፉ ብዙዎቹ አገራቸው ቀሩ። ማሠልጠኛው ካልሰፋ ግን ይህ አይሆንም። በርን መዝጋት ሰውን እንዳይማር ያደርገዋል እንጂ እንዲቀር አያደርገውም ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 43 ነው፤ በሒሳብ ሥራ ቆይቻለሁ። አሁን አዲስ ነገር ብማር ጊዜው አልፎብኛል?» (አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ)

መልስ፦ አላለፈብዎትም። ጄኮብ ሚንሰር በ1974 ያቀረቡት የገቢ ስሌት ከትምህርት ዘመን ጎን የሥራ ልምድን ያስቀመጠው፣ ሰው ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላም መማሩን ስለማያቆምና ገቢውም እስከ ጉልምስናው ድረስ ስለሚያድግ ነው። ልዩነቱ አዲሱ ዕውቀት የሚከፍልዎት ዓመታት ከሃያ ዓመት ወጣት ያነሱ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ረጅም ትምህርት ከመጀመር ይልቅ በያዙት ሙያ ላይ የሚታከል አጭር ሥልጠና ይምረጡ፤ የሒሳብ ሶፍትዌርን ወይም የግብር ሕግን በጥልቀት ማወቅ፣ ወይም የውስጥ ኦዲትን መማር፣ ያካበቱትን ልምድ ሳይጥል ዋጋውን ይጨምራል። ከመመዝገብዎ በፊት ግን ሥልጠናውን የጨረሱ ሁለት ሦስት ሰዎችን አግኝተው፣ የተማሩትን በምን ሥራ ላይ እንዳዋሉት ይጠይቋቸው።